ትምህርት ከጥምጥም በኋላ

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እያሉ ይተርታሉ። ይህ ተረት በቃሉ አጭር ቢሆንም ምሥጢሩ ሰፊ ነው። ጥምጥም ራስን የሚሸፍን ጨርቅ ብቻ ሳይሆን የክህነትና የመምህርነት ምልክት ስለ ሆነ፣ ሊያስተምር የሚገባውን ሳይማር ጥምጥሙን የሚያስቀድም ሰው ራሱንም ምእመናንንም ያታልላል ማለት ነው። ዳሩ ግን ተረቱ የሚነግረን ከጥምጥም በፊት ስላለው ትምህርት ነው። ከጠመጠሙ በኋላስ ትምህርት ይቀራልን?

ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ ለራሳችን አቅርበነው አናውቅም። በልጅነታችን ፊደል ቈጥረን፣ ዳዊት ደግመን፣ ዲቁና ተቀብለን፣ ቅዳሴ አጥንተን፣ በጊዜውም ቅስና ከተሾምን ወዲህ መጽሐፍ የምንገልጠው የዕለቱን አገልግሎት ለመፈጸም ብቻ ሆኗል። ከምእመናንም ወገን ብዙዎች በልጅነት የሰሙትን ትምህርት እንደ ሙሉ ስንቅ ቈጥረው፣ አርባና ኀምሳ ዓመት በዚያው ብቻ ይጓዛሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ትምህርት ከሹመት በፊት እንደሚያስፈልግ ሁሉ ከሹመትም በኋላ እስከ ዕለተ ሞት የሚያስፈልግ መሆኑን፣ መማር ያቆመም መምህር ሳይታወቀው ማስተማሩን እንዳቆመ ነው።

አንድ ሕፃን የጠየቀን ጥያቄ

የሌላውን ጕድለት ከመናገራችን በፊት ከራሳችን እንጀምር። ከዳዊት መዝሙራት ሁሉ የሚረዝመውን 118ኛውን መዝሙር ከሠላሳ ዓመት በላይ ስንደግመው ኖረናል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ የሆነ፣ ዕድሜው ከዐሥራ ሁለት ዓመት የማይበልጥ ሕፃን ዳዊቱን ይዞ ቀረበና፣ «አባታችን፣ በዚህ መዝሙር ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ የሚሄደው ምንድን ነው? የመላእክት ስም ነውን?» ሲል ጠየቀን።

እኛ ግን መልሱን አናውቀውም ነበር። አናውቀውም ለማለት ደግሞ ጥምጥማችን አልፈቀደልንም። ስለዚህ «ይህ ምሥጢር ነው፤ ልጅ ሁሉን አይጠይቅም» ብለን ገሠጽነው። ሕፃኑም አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በዚያች ሌሊት ለጸሎት ዳዊታችንን ስንገልጥ ወደዚያ መዝሙር ደረስን፤ አሌፍ ከሚለው ቃል ማለፍ ግን አቃተን። ይህን ያህል ዘመን በአፋችን ያመላለስነውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ምን ይሆን ብለን አለመጠየቃችን አሳፈረን።

በሳምንቱ ዐይናቸው ከደከመ፣ ብዙ ዘመን ወንበር ዘርግተው ብሉይ ካስተማሩ አንድ አረጋዊ መምህር ዘንድ ሄድን። የኔታም ጥያቄያችንን ሰምተው በትዕግሥት እንዲህ ሲሉ አስረዱን፦ «አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የዕብራይስጥ ፊደላት ስሞች ናቸው። የዕብራይስጥ ፊደል 22 ነው፤ መዝሙሩም በ22 ክፍል ተከፍሏል። እያንዳንዱ ክፍል 8 ቍጥር አለው፤ ተደምሮም 176 ይሆናል። በዕብራይስጡ በአንዱ ክፍል ያሉት ስምንቱም ቍጥሮች በዚያው ክፍል ፊደል ይጀምራሉ። ይህም ለሚያጠናው ሰው ቃሉን ለማስታወስ ይረዳዋል፤ ደግሞም የእግዚአብሔር ሕግ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው የሚመሰገን መሆኑን ያሳያል። በሰቆቃወ ኤርምያስም እንዲህ ያለ ሥርዐት አለ። እኛም አበገደ ስንል የምንቈጥረው በዚሁ ተራ ነው።»

የሕፃኑንም ነገር ባጫወትናቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣ «ልጄ፣ ይህን ባለማወቅህ አትፈር፤ ሕፃኑን በመገሠጽህ ግን እፈር» አሉን። ከዚህም በኋላ የእጅ ስልካቸውን ከካባቸው ኪስ አውጥተው፣ «ዐይኔ እንቢ ስላለኝ ማንበቡ ቀርቶብኛል። በዚህ ነገር የሌሎች መምህራን ትርጓሜ ይሰማል ይላሉ፤ እንዴት እንደሚከፈት አሳየኝ» ብለው ጠየቁን። የሚያስተምሩን እርሳቸው ሳሉ፣ ሊማሩ ከእኛ ይልቅ የቸኰሉ እርሳቸው ነበሩ። በሚቀጥለው እሑድ ያን ሕፃን በጓደኞቹ ፊት ጠርተን፣ አለማወቃችንን ተናግረን መልሱን ነገርነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ክብራችን በልጆቹ ዘንድ የቀነሰ አልመሰለንም፤ የጥያቄያቸው ብዛት ግን ጨምሯል፤ እኛንም ወደ መጻሕፍት መልሶናል።

የቅዱሳት መጻሕፍት ምስክርነት

ይህ የእኛ ታሪክ ትንሽ ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን ትልልቆቹ ሰዎች ከተሾሙ በኋላም ሲማሩ ያሳዩናል። ሙሴ የግብፅን ጥበብ ሁሉ የተማረ፣ በምድያም አርባ ዘመን በግ የጠበቀ፣ በ80 ዓመቱ በፈርዖን ፊት የቆመ፣ ባሕረ ኤርትራን የከፈለ ነቢይ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ለሕዝቡ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ ሥራው ራሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ነገረው፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። ሙሴም ከእግዚአብሔር ጋር የምነጋገር ሰው ሳለሁ የምድያም ካህን ያስተምረኛልን አላለም፤ የተነገረውን ሁሉ አደረገ። ሥርዐተ ዳኝነቱም የተቃናው ነቢዩ ለመማር ስለ ታዘዘ ነው።

አጵሎስም የእስክንድርያ ሰው፣ ንግግር ዐዋቂ፣ በመጻሕፍትም የበረታ መምህር ነበር። ዳሩ ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። በኤፌሶን ሲያስተምር ድንኳን በመስፋት የሚተዳደሩት አቂላና ጵርስቅላ ሰሙት፤ በጉባኤ መካከል አላሳፈሩትም፤ ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጣርተው አስረዱት። በዚህ ታሪክ ሁለት ዓይነት በጎነት እናያለን። አንዱ የሚያርሙት ሰዎች ትሕትና ነው፤ ሁለተኛውም የሚታረመው ሊቅ ትሕትና ነው። አጵሎስ ከዚህ በኋላ ወደ አካይያ ሄዶ ያመኑትን እጅግ እንደ ረዳ ተጽፏል። ባይታረም ኖሮ አንደበቱ የተሳለ፣ ትምህርቱ ግን የጐደለ ሆኖ በቀረ ነበር።

የሕንደኬ ባለሥልጣን የነበረው ጃንደረባም የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ በእጁ ያለ ታላቅ ሹም ሲሆን፣ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስም ያስተውለው እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፣ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ፤ በእግር የመጣውንም መንገደኛ በሠረገላው ላይ አስቀመጠው። በዚያች ሰዓት አላውቅም ባይል ኖሮ ጥምቀትን ባላገኘም ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም በእስር ቤት ሆኖ የዕረፍቱ ጊዜ እንደ ቀረበ ዐውቆ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍለት፣ በጢሮአዳ ከተወው ልብሱ ጋር መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም ብራናዎቹን እንዲያመጣለት አሳስቦታል። ሰማዕትነቱን የሚጠባበቅ ሐዋርያ መጽሐፍ ካስፈለገው፣ እኛ ከዚህ በላይ የምናነበው የለም ለማለት እንዴት እንደፍራለን?

የአበው ምሳሌ

አባ አርሳንዮስ የንጉሡ የቴዎዶስዮስ ልጆች የአርቃዴዎስና የአኖሬዎስ መምህር የነበረ፣ የሮማይስጥና የጽርዕ ትምህርት ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ነበር። ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወደ ግብፅ ገዳም ከገባ በኋላ ስለ ኅሊናው ውጊያ አንድ ያልተማረ ግብፃዊ አረጋዊ ሲጠይቅ ታየ። ሰዎችም ተደንቀው ምክንያቱን ቢጠይቁት፣ የዓለሙን ትምህርት ሁሉ ቢያውቅም የዚህን ገበሬ ፊደል ገና እንዳልጀመረ ነገራቸው። ከዚህ የምንረዳው በአንዱ ትምህርት ሊቅ የሆነ በሌላው ፊደል ቈጣሪ መሆኑን ነው። ዜማ የሚያውቅ በትርጓሜ፣ ትርጓሜ የሚያውቅ በትዕግሥት፣ ሁሉንም የሚያውቅ በትሕትና ገና ጀማሪ ሊሆን ይችላል።

በእስክንድርያም ዲዲሞስ የተባለው ሊቅ ገና በሕፃንነቱ ዐይኑ ጠፍቶ ነበር። በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በእጁ እየዳሰሰ፣ ሌሎች ሲያነቡ በጆሮው እየሰማ ተማረ፤ ኋላም የዚያች ታላቅ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ ሸምግሎም እስኪያርፍ ድረስ ከመማርና ከማስተማር አልተለየም። ዐይን ያለን እኛ ግን ጊዜ አጣን እንላለን።

የአገራችን የትምህርት ሥርዐት

የእኛ አባቶች ይህን ነገር በቃል ብቻ አልተዉልንም፤ በሥርዐት ሠርተው አኑረውታል። ቅዱስ ያሬድ በአጎቱ በአባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ ሰባት ዓመት እንደ ጠናበት፣ ደጋግማ እየወደቀች ዛፍ ከወጣችው ትል ትዕግሥትን ተምሮ እንደ ተመለሰ ሁላችንም ስንሰማ ያደግነው ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንትም ትምህርትን በልዩ ልዩ ቤቶች ከፋፍለው አደራጁት፤ ይኸውም ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት ነው። የመጻሕፍቱም ቤት ደግሞ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት ተብሎ ይከፈላል።

የዚህ ሥርዐት ጥበቡ አንዱን ቤት የጨረሰ በሌላው ቤት እንደ ገና ጀማሪ መሆኑ ነው። በቤተልሔም ድጓውን ያስመሰከረ መሪጌታ ዝማሬ መዋሥዕት ሊማር ወደ ዙር አምባ ይወርዳል፤ አቋቋም ሊማር ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ ቅኔ ሊማር ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ዋድላ ይሻገራል። ትናንት በወንበር ላይ ሆኖ ያርም የነበረው ሰው ዛሬ ጢም ካላወጡ ልጆች ጋር ተቀምጦ የመጀመሪያውን ጉባኤ ቃና ይቈጥራል፤ ሲሳሳትም ይስቁበታል። የቀድሞው ማዕርጉ በአዲሱ ጎጆ ውስጥ አያስከብረውም፤ ቍራሽ ለምኖ፣ ውሃ ቀድቶ፣ እንጨት ለቅሞ ይማራል። ይህ ነገር ድህነት ብቻ ያመጣው አይደለም፤ ዕውቀት ሲበዛ ልብ እንዳይታበይ የተሠራ አጥር ነው።

በቅኔ ቤት ያለው ሥርዐት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስተምረናል። አንድ ጊዜ በማኅሌት የተሰማ ቅኔ እንደ ዜማው ሁሉ በሌላ ቀን አይደገምም፤ ለዕለቱ ክብረ በዓል አዲስ ቅኔ ይፈለጋል። የቅኔ መምህርም ለተማሪዎቹ በየጊዜው አዲስ ቅኔ ይነግራል፤ ምሥጢሩን፣ ሰሙንና ወርቁን ይፈታል። እንግዲህ የቅኔ መምህር ትናንት በተማረው ብቻ ሊኖር አይችልም። ታሪኩን ከመጻሕፍት፣ ምሳሌውን ከሚያየው ፍጥረት ሁሉ ዕለት ዕለት መልቀም አለበት። ሌሎቻችንም አገልግሎታችንን በዚህ ዐይን ብናየው ምንኛ መልካም ነበር! ስብከታችን ባለፈው ዓመት በዚሁ በዓል ላይ የተናገርነው ራሱ ከሆነ፣ ሕዝቡ ገና አፋችንን ስንከፍት መጨረሻውን ዐውቆት ይቀመጣል።

አንድ መጽሐፍ፣ ሦስት ዕድሜ

የሰው ዕድሜ ለትምህርት እንደማይበቃ፣ የጀመሩትንም ለተተኪ ማስረከብ እንደሚገባ የሚያሳይ አንድ ታሪክ በቅርብ ዘመን አለን። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝን ቋንቋ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀምረው ሳይፈጽሙት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድም በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ሲቀመጡ የግእዝ ዘመድ የሆኑትን ዕብራይስጥን፣ ሱርስትንና ዐረብኛን ተምረው ሥራውን አሰፉት። በአገራቸው ሊቅነታቸው የታወቀ ሰው ሲሆኑ፣ የግእዙን ቃል ሥር ለማግኘት የባዕድ ፊደል መቍጠርን አልናቁም። እርሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ ገና አልታተመም ነበር፤ አደራውን ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተዉ። አለቃ ደስታም አደራቸውን ጠብቀው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስን በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ከዚያም በኋላ ደክሞኛል ሳይሉ የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ለንባብ አበቁ።

ዛሬ አንድ ካህን የአንዱን የግእዝ ቃል ፍች ሲፈልግ ያን መጽሐፍ ገልጦ በጥቂት ጊዜ ያገኘዋል። ያች ጥቂት ጊዜ ግን የሦስት ሊቃውንት ዕድሜ ናት። መጽሐፉን በመደርደሪያ አስቀምጦ አለመግለጥ የእነዚህን አባቶች ድካም ከንቱ ማድረግ ነው።

የዘወትር ትምህርት ጥቅም

1ኛ. የተማርነውን ይጠብቅልናል። ያልተቀጸለ ዜማ እንደሚጠፋ ሁሉ ያልተከለሰ ትምህርትም ይጠፋል። ዕውቀት እንደ ተቀበረ ወርቅ በአንድ ቦታ አይቈይም፤ እንደ እርሻ ነውና ካልታረሰ ዳዋ ይለብሳል።

2ኛ. ትሕትናን ያስተምረናል። በየዕለቱ የሚማር ሰው በየዕለቱ ያላወቀውን ያገኛል፤ ያላወቀውንም የሚያይ ሰው በባልንጀራው ላይ ለመፍረድ አይቸኵልም። ዕውቀት ያስታብያል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እውነትም ሐዋርያው ፍቅር የሌለበትን ዕውቀት ነቅፎታል። ነገር ግን የሚያስታብየው ጨረስሁ የተባለለት ዕውቀት ነው እንጂ ገና በመማር ላይ ያለ ሰው ዕውቀት አይደለም።

3ኛ. ለልጆቻችን መልስ እንዲኖረን ያደርጋል። የዛሬ ወጣት በትምህርት ቤቱ ስለ ፍጥረት፣ ስለ ታሪክና ስለ ሌሎች ሃይማኖቶች ብዙ ይሰማል፤ በእጁም የዓለምን ወሬ ሁሉ ይዟል። የንስሓ አባቱን ጠይቆ ቍጣ ብቻ ካገኘ ሁለተኛ አይጠይቅም፤ ሌላ የሚመልስለት ይፈልጋል። ያ የሚመልስለት ግን እረኛ ላይሆን ይችላል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች የሚያገለግሉ ካህናት ደግሞ ሌላ ሸክም አለባቸው። በዚያ የተወለዱት ሕፃናት ብዙዎቹ አማርኛውን በቅጡ ስለማይሰሙ፣ አንድ ቄስ በኀምሳ ዓመቱ የአገሩን ቋንቋ ፊደል መቍጠር ግድ ሊሆንበት ይችላል። ይህን የሚያደርግ አባት ክብሩን አላዋረደም፤ ለአንዲት ነፍስ ሲል ሕፃን ሆነ እንጂ።

4ኛ. ሽምግልናን ያጽናናል። «እርጅና ብቻህን ና» ይባላል፤ ብቻውን ግን አይመጣም፤ ዐይንን ያደክማል፣ ጕልበትን ያብረከርካል፣ ጓደኛን ይወስዳል። በዚያን ጊዜ ቃለ እግዚአብሔርን ማሰላሰልና መማር የለመደ ሰው ከጓደኞች ሁሉ የማይለይ ጓደኛ አለው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በልጅ ልጆቻቸው ዕድሜ ካሉ አስተማሪዎች ፊት ተቀምጠው ፊደል ቈጥረዋል። በጆሮ ብቻ ያውቁት የነበረውን የጸሎት መጽሐፍ በዐይናቸው አይተው ለማንበብ የበቁም አሉ። ለዚህ ደስታ ዕድሜ አልከለከላቸውም።

ምን እናድርግ?

መጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍትን ማብዛት መጨረሻ እንደሌለው፣ ብዙ ማጥናትም ሥጋን እንደሚያደክም ይናገራል። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ጊዜ እንጀምር አንልም። ካህኑ በየቀኑ ከወንጌል አንዲት ምዕራፍ ከነትርጓሜዋ ይመልከት። በአንድ ደብር የሚያገለግሉ ካህናትና ዲያቆናት በሳምንት አንድ ጊዜ ተሰብስበው ዜማ የሚያውቀው ዜማውን፣ ትርጓሜ የሚያውቀው ትርጓሜውን ለባልንጀራው ያካፍል፤ በዚያ ጉባኤ አለቃው ከተማሪው መማርን አይፈር። ምእመኑ ወደ ቅዳሴ ከመምጣቱ በፊት የዕለቱን ወንጌል በቤቱ ያንብብ፤ ማንበብ ያልቻለ ከልጁ ይስማ፤ ልጁም በዚህ አጋጣሚ ይማራል። ያልገባንን ቃል ጽፈን እንያዝ፤ ለሚያውቅ አባት እናቅርብ። የተጠየቀ አባትም ካላወቀ «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርሃለሁ» ይበል። ይህ ቃል ከሐሰት ምሥጢር ይሻላል፤ እኛ ይህን የተማርነው ከዚያ ሕፃን ነው።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ዕውቀት ሁሉ የባሕርይ ገንዘቡ ሲሆን፣ በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ተገኘ። እርሱ ሳያስፈልገው ለእኛ አብነት ሊሆን ከጠየቀ፣ የሚያስፈልገን እኛ ጥያቄን ማፈራችን ምን ያህል ስሕተት ነው!

እንግዲህ ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ ከጠመጠሙም በኋላ መማር ይከተል። ጥምጥማችን የትምህርታችን መደምደሚያ ሳይሆን የትምህርታችን አደራ ይሁንብን። ዐይናቸው ደክሞ ሳለ ለመስማት የሚቸኵሉትን አባቶች ዕድሜ ያርዝምልን፤ የሚጠይቁንን ሕፃናት ይጠብቅልን፤ እኛንም እስከ ዕለተ ዕረፍታችን ድረስ ከቃሉ ማዕድ ሳንለይ እንድንኖር ቸርነቱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።